አውተር ሪንግ ሮድ፦ የሞያሌ ፍየል የመጨረሻ ሰዓቱን የሚያሳልፍበት 13 ኪሎ ሜትር

ከሞያሌ ድንበር ናይሮቢ ድረስ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍየልና በግ ጭኖ የሚመላለስ ነጋዴ ይህን መንገድ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የቱ ኬላ ላይ እንደሚቆይ፣ የት እንስሳቱን ማየት እንዳለበት፣ የቱ ዳገት አሮጌ መኪና እንደሚያስቸግር ሹፌርም ረዳትም ይነግሩታል። ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን ብዙም አይወራም። ብዙ ጊዜ ጭነቱ ተጎሳቁሎ፣ ዋጋው ወርዶ፣ ገዢው ቀርቶ የሚገኘው ግን እዚያ ነው።

ያ የመጨረሻ መንገድ አውተር ሪንግ ሮድ ይባላል። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከቲካ መንገድ ተገንጥሎ በናይሮቢ ምሥራቃዊ ሠፈሮች መሀል ወደ ደቡብ ይወርድና ከኤርፖርት ኖርዝ ሮድ ጋር ይገናኛል። የከተማዋ ትልቁ የፍየልና የበግ ማረጃ ሠፈር ኪያማይኮ ከዚህ መንገድ ጎን ነው። መንገዱ እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደሰፋ ማወቅ ጭነቱ ለምን እዚያ ሲደርስ እንደሚዘገይ ያስረዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ምን ይላል?

የመንገዱ ስም በአማርኛ ቢፈታ «የውጭ ቀለበት መንገድ» ማለት ነው። የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከአንዱ የከተማ በር ወደ ሌላው የሚያልፍ መኪና መሀል ከተማ ሳይገባ በዳር እንዲዞር ነው የታሰበው። ልዩነቱ የናይሮቢው ቀለበት ሙሉ ክብ ሳይሆን በምሥራቅ በኩል ያለ አንድ ቅስት መሆኑ ነው።

አሁን ግን ስሙና ቦታው አይገናኙም። «የውጭ» የተባለው መንገድ ዛሬ በከተማዋ እጅግ በተጨናነቁ ሠፈሮች መካከል ይገኛል። ግራና ቀኙ ፎቅ በፎቅ ነው። የውጭ መንገድ የሚለውን ሥራ ከእሱ ወዲያ ራቅ ብሎ የተሠራው ኢስተርን ባይፓስ ወስዶታል።

መንገዱን የሚያስተዳድረው የኬንያ የከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ይህ ተቋም በ2007 በወጣው የኬንያ የመንገዶች ሕግ ከብሔራዊ አውራ ጎዳናዎች ባለሥልጣን እና ከገጠር መንገዶች ባለሥልጣን ጋር አብሮ የተቋቋመ ነው። ክፍፍሉ ለጭነት ባለቤትም ጉዳዩ ነው፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው አውራ ጎዳና የአንዱ ተቋም ሆኖ ሳለ መኪናው ወደ አውተር ሪንግ ሲታጠፍ የሌላው ይሆናል።

ከሰሜን ወደ ደቡብ

መንገዱ የሚጀምረው በቲካ መንገድ ላይ አልሶፕስ በሚባለው መገናኛ ነው። ስሙ የቀረው ከድሮ የቢራ ጠማቂ ኩባንያ ነው፤ የኬንያ ቢራ ፋብሪካ ዛሬም በዚያው በሩዋራካ አካባቢ ይሠራል። ከሩዊሩ፣ ከካሃዋ፣ ከጊቱራይና ከሮይሳምቡ የሚመጣ መኪና ወደ መሀል ከተማ ሳይዘልቅ እዚህ ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል።

ከአልሶፕስ እንደወረዱ በአንድ በኩል ባባ ዶጎ፣ በሌላው ማታሬ ኖርዝ ይታያሉ። ቀጥሎ መንገዱ የማታሬን ወንዝ ይሻገራል። ከወንዙ ወዲያ በቀኝ እጅ ሁሩማና ኪያማይኮ፣ በግራ እጅ ካሪዮባንጊ ኖርዝና ኮሮጎቾ ይመጣሉ። ከዚያ መንገዱ ከጁጃ ሮድ ጋር ይገናኛል። ጁጃ ሮድ ወደ ምዕራብ ወደ ኢስሊና ወደ ፓንጋኒ የሚወስደው መንገድ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትና የሚነግዱበት ኢስሊ ከዚህ መገናኛ ሩቅ አይደለም።

ከጁጃ ሮድ በኋላ የካሪዮባንጊ ጋራዦችና ትንንሽ ፋብሪካዎች አሉ፤ የናይሮቢ ወንዝም ይሻገራል። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ወደ ንጂሩና ሩዋይ የሚወስደው ካንጉንዶ ሮድ ይገነጠላል። ከዚያ ኡሞጃ፣ ከዚያ ዶንሆልም ይመጣሉ። ዶንሆልም ላይ ከመሀል ከተማ የሚመጣው ጆጎ ሮድ ይገናኘዋል። ይህ ጆጎ ሮድ በቅኝ ግዛት ዘመን ዱንሆልም ሮድ ይባል ነበር፤ ሠፈሩም መንገዱም ስማቸውን የወሰዱት በአካባቢው ከነበረ የነጭ ሠፋሪ እርሻ ነው።

በደቡቡ ጫፍ የንጎንግን ወንዝ ተሻግሮ በፓይፕላይን ሠፈር በኩል ታጅ ሞል ይደርሳል። ታጅ ሞል የገበያ ሕንፃ ነበር፤ ሕንፃው በ2018 ፈርሷል። ስሙ ግን በማታቱ ረዳቶች አፍ ላይ ቀርቷል። ሹፌር «ታጅ ሞል ጋ ጠብቀኝ» ቢል ሕንፃውን ሳይሆን መገናኛውን ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ኤርፖርት ኖርዝ ሮድ ወደ ኤምባካሲ ይወስዳል።

እንግዲህ በ13 ኪሎ ሜትር ውስጥ መንገዱ ሦስት ወንዞች ይሻገራል፤ ማታሬን፣ ናይሮቢንና ንጎንግን። ሁለቱ ወደ ናይሮቢ ወንዝ ይገባሉ፤ ናይሮቢ ወንዝም ወደ አቲ ወንዝ ፈስሶ ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። ይህ ወንዝ ነገር ለማረጃ ቤቶች ምን ትርጉም እንዳለው ወደ ኋላ ይመጣል።

የዳር መንገድ የከተማ መሀል ሲሆን

በ1958 የኤምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት መግቢያው በሰሜን በኩል ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ቲካ መንገድ ከመካከለኛው ኬንያ የሚመጣውን ጭነት ያስገባ ነበር። በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል የሚያገናኝ የዳር መንገድ ያስፈለገበት ምክንያት በካርታ ላይ ግልጽ ነው። በ1978 አዲሱ የመንገደኞች ማስተናገጃ በሌላው ወገን ሲከፈት የሰሜኑ መግቢያ ጥቅሙ ቀነሰ። መንገዱን የሚያጨናንቀው ግን ያኔ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር።

ያም ሕዝቡ ነው። በ1969 ቆጠራ የናይሮቢ ነዋሪ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2019 ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ብዙው የሰፈረው በምሥራቅ ነው። ካሪዮባንጊ በ1960ዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ተሸነሸነ። በ1970ዎቹ ኡሞጃ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ብድር፣ ዳንዶራ በዓለም ባንክ ብድር ተሠሩ። ዳንዶራ 6 ሺህ ያህል ቦታ ተሸንሽኖ ሰው በራሱ አቅም ቤት እንዲሠራ የተሰጠበት ሰፊ ፕሮጀክት ነበር። ዶንሆልምና ፓይፕላይን ተከተሉ።

እነዚህ ሁሉ ሠፈሮች ያረፉት በአውተር ሪንግ ግራና ቀኝ ነው። መንገዱ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በየአቅጣጫው አንድ አንድ መስመር ብቻ የነበረው ጠባብ መንገድ ሆኖ ቆየ። በላዩ ማታቱው፣ የጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ እግረኛው፣ ዳር ላይ ልብስና አትክልት የዘረጋው ነጋዴ፣ አልፎ አልፎም የሚነዱ ፍየሎች አብረው ይጋፉ ነበር። የአገሩ ሰው አውተር ሪንግን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያስታውሰው መጨናነቁን ነበር።

መስፋፋቱ

የአፍሪካ ልማት ባንክ መንገዱን ለማስፋት ብድር ያጸደቀው በ2013 ነው። ግንባታውን የወሰደው የቻይናው ሲኖሃይድሮ ነበር። ጠባቡ መንገድ በሁለት ወገን ተከፍሎ በመካከሉ አካፋይ ያለው ሰፊ ጎዳና ሆነ። ከዋናው ጎን የአገልግሎት መንገዶች፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃዎች ተጨመሩ። እንደ ዶንሆልም ባሉ ትልልቅ መገናኛዎች ላይ አላፊው መኪና ሳይቆም እንዲያልፍ ድልድይ ተሠራ። በመካከል የተተወው ሰፊ ቦታ ወደፊት ለፈጣን አውቶቡስ መስመር እንዲሆን የታሰበ ነው።

ይህ ሥራ ብቻውን አልነበረም። ያው ባንክ በቲካ መንገድ ማስፋፊያ ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉ የቲካ መንገድ በ2012 ተመርቋል። ከማርሳቢት በቱርቢ በኩል እስከ ሞያሌ ያለውን አስፋልት፣ በኢትዮጵያ በኩልም ከሐገረ ማርያም በያቤሎ እስከ ሜጋ ያለውን ክፍል ያገዘ እሱው ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው በ2017 ገደማ ነው። ቀድሞ በአቧራና በጭቃ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ዛሬ በአንድ ቀን አካባቢ ያልቃል። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሞያሌን የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል።

ነገሩን በእንስሳት ነጋዴ ዓይን ካዩት፣ ከቦረና ገበያ እስከ ናይሮቢ ማረጃ ያለው ሰንሰለት ቁራጭ በቁራጭ ተሻሽሏል። ድሮ የጉዞው መከራ መሀል መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ መሀሉ ስለቀለለ መከራው ወደ ጫፎቹ ተሰብስቧል፤ አንደኛው ጫፍ ድንበሩ፣ ሌላው አውተር ሪንግ ነው።

ማስፋፊያው ያለ ኪሳራ አልመጣም። በመንገድ ይዞታ ላይ የነበሩ ብዙ ነጋዴዎች ተነሥተዋል። የእግረኛ መሻገሪያ ድልድዮች ከመንገዱ ጋር እኩል ባለመድረሳቸው ፈጣኑን ጎዳና በእግር የሚያቋርጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ነዋሪዎችም በተደጋጋሚ አቤት ብለዋል። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይም ይኸው ችግር ታይቷል። ሠፈርን ለሁለት የሚከፍል ፈጣን መንገድ ሲሠራ መኪናው ያተርፋል፤ ከማዶ ሥራ፣ ገበያ ወይም ዘመድ ያለው ሰው ግን መሻገሪያ ካልተሠራለት ይጎዳል።

ኪያማይኮ

ኪያማይኮ በማታሬ ወንዝና በአውተር ሪንግ መካከል የተጨናነቀ ሠፈር ነው። በናይሮቢ የፍየልና የበግ ሥጋ ንግድ ውስጥ ያለው ቦታ በከብት ዳጎሬቲ ካለው ቦታ ጋር ይነጻጸራል። የከብት ጭነት በብዛት በስተ ምዕራብ ወደ ዳጎሬቲና በስተ ምሥራቅ ወደ ንጂሩ ሲሄድ፣ ፍየልና በግ የጫነ መኪና ግን በአብዛኛው ኪያማይኮ ይወርዳል።

እዚያ ንግዱን ለረጅም ጊዜ የያዙት ከሰሜን ኬንያ የመጡ የቦረና ተወላጆች ናቸው። ስለዚህ ከዱብሉቅ ወይም ከሐሮ በቄ ገበያ የተነሣ ነጋዴ ኪያማይኮ ሲደርስ የራሱን ቋንቋ ይሰማል። ደላላው ኦሮምኛ ይናገራል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠያየቃሉ፤ ብድርም እምነትም በዚያ ይመሠረታል። ከማርሳቢት፣ ከኢሲዮሎ፣ ከሳምቡሩ፣ ከጋሪሳና ከዋጂር የሚመጣውም ጭነት እዚያው ይገናኛል። ማረጃዎቹ በአብዛኛው ትንንሽ የግል ቦታዎች ሲሆኑ እርዱ በሐላል ሥርዓት ይፈጸማል።

ንግዱ ከሥጋ በላይ ነው። ቆዳው ለብቻው ይሸጣል። ጭንቅላትና እግር ተለብልቦ ለሾርባ ይሄዳል፤ ሆድ ዕቃው በየሠፈሩ የሚጠብቀው ገዢ አለው። ጫኝና አውራጁ፣ አራጁ፣ ገፋፊው፣ መኖ ሻጩ፣ ሥጋ በብረት ሣጥን ጭኖ የሚያደርሰው የቦዳ ቦዳ ነጂ ሁሉ ከአንድ ፍየል ይበላሉ። መኪናው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ይህ ሁሉ ሰው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

በየትኛው ወገን ነህ?

በኢትዮጵያ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ በኬንያ በግራ። ይህን ሞያሌን የተሻገረ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። በአውተር ሪንግ ላይ ግን ነገሩ ገንዘብ ይሆናል።

ከሰሜን፣ ማለትም ከአልሶፕስ የሚመጣ መኪና የሚወርደው በግራ፣ ማለትም በምሥራቁ ወገን ነው። ኪያማይኮ ግን ከመንገዱ በስተ ምዕራብ ነው። ቀድሞ መንገዱ ጠባብ ሳለ ሹፌሩ ሰልፉን ታግሦ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ነበር። አሁን በመካከል አካፋይ አለ። ስለዚህ ሠፈሩን በዓይኑ እያየው አልፎ እስከሚፈቀድ መገናኛ ወርዶ መዞር ግድ ይለዋል። በጁጃ ሮድ መገናኛ ዞሮ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ጎሕ ሳይቀድ የደረሰ መኪና በደቂቃዎች ይገባል፤ ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት የደረሰ ግን ከማታቱዎች ጋር ተሰልፎ ፀሐይ ይወጣበታል።

ሁለተኛው ነገር መቆሚያ ነው። አዲሱ መንገድ የተነደፈው ለሚያልፍ መኪና ነው። የእንስሳት ነጋዴ ደግሞ የሚያልፍ ሳይሆን የሚቆም ነው። ማራገፊያ፣ እንስሳቱን ማሳረፊያና መመለሻ ስፋት ይፈልጋል። በኪያማይኮ ውስጥ ያሉት መንገዶች ጠባብ በመሆናቸው ትልቅ መኪና ሙሉ በሙሉ መግባት ይቸግረዋል። የአገልግሎት መንገዱ ላይ ቆሞ ማራገፍ ደግሞ የሌላውን መንገድ መዝጋት ይሆናል፤ ከትራፊክ ፖሊስ ጋርም ያገናኛል።

የመጨረሻው ሰዓት ሒሳብ

እንስሳ በጉዞ ላይ ክብደት ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚቀንሰው በሆድ ውስጥ ያለው መኖና ውኃ ነው፤ ይህ ውኃና መኖ ሲያገኝ በአብዛኛው ይመለሳል። ጉዞው ሲረዝም ግን እንስሳው ከራሱ ሥጋ መብላት ይጀምራል። በሁለት ደርብ ተጭኖ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ፍየል ናይሮቢ ሲደርስ ይህን ደረጃ ሊነካ ይችላል። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ይገባል፤ መኪናው ሲቆም ግን የታችኛው ደርብ ይታፈናል። ለዚህ ነው በሰልፍ የቆመ አንድ ሰዓት በመንገድ ላይ ከተጓዘ አንድ ሰዓት የሚከፋው። ደካማው ይተኛል፤ የተኛው ይረገጣል።

ለምሳሌ ያህል 100 ፍየል የጫነ መኪና ይታሰብ። እያንዳንዱ ፍየል በመጨረሻው መዘግየት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ቢያጣ 50 ኪሎ ሥጋ ይጠፋል። የአንድ መካከለኛ ፍየል ሥጋ 12 ኪሎ ቢባል ይህ የአራት ፍየል ሥጋ ነው። በመሀል አንድ ፍየል ከሞተ አምስት ይሆናል። ነጋዴው በኬላ የከፈለውን በደረሰኝ ይቆጥረዋል፤ ይህን ግን የሚቆጥርለት የለም።

በዓይን ግምት የሚሸጥ ከሆነም ያው ነው። ጎኑ የገባ፣ ጠጉሩ የቆመ ፍየል ሲያይ ገዢው ዋጋ ይጥላል። ከዚህ በላይ ግን የገበያ ሰዓት አለ። ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሥጋቸውን የሚፈልጉት በጠዋት ነው። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ የደረሰ ጭነት ወይ ለነገ ይቆያል ወይ ደላላው ባለው ዋጋ ይሄዳል። ለነገ የቆየ ፍየል ማደሪያ፣ መኖና ጠባቂ ይፈልጋል። በኪያማይኮ ባለው ጠባብ ቦታ ይህ ርካሽ አይደለም።

የመኪናው ባለቤትም ሒሳብ አለው። ከሰሜን እንስሳ ያመጣ መኪና ባዶውን አይመለስም፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ ጭኖ ወደ ማርሳቢትና ሞያሌ ይወጣል። የመልሱ ጭነት ካመለጠው የእንስሳቱን ኪራይ በሚቀጥለው ጉዞ ያስወድዳል። ኪያማይኮ ላይ የባከነው ጠዋት በዚህ መንገድ ተመልሶ ወደ ቦረናው አርቢ ይደርሳል፤ ኪራይ ሲወደድ ነጋዴው በዱብሉቅ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳልና።

ሥጋው ወዴት ይሄዳል?

አውተር ሪንግ ፍየሉን ብቻ ሳይሆን ሥጋውንም ያመላልሳል። በጁጃ ሮድ ወደ ኢስሊ፣ በጆጎ ሮድ በኩል ወደ በርማ ገበያ፣ ወደ ደቡብ ወደ ዶንሆልምና ኤምባካሲ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ መስፋፋቱ በአብዛኛው ጠቅሟል። ሥጋ የጫነ ቦዳ ቦዳ ወይም ትንሽ መኪና መዞሪያው አያስቸግረውም፤ መንገዱ ሲፈጥን ሥጋው ፀሐይ ሳይመታው ይደርሳል። ስለዚህ መንገዱ ከማረጃው በኋላ ያለውን ንግድ ረድቶ ከማረጃው በፊት ያለውን አስቸግሯል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በስተ ውጭ ያለው ኢስተርን ባይፓስ ደግሞ ሌላ ምርጫ ሰጥቷል። ከሩዊሩ ተገንጥሎ ካንጉንዶ ሮድን አቋርጦ እስከ ሞምባሳ መንገድ ይወርዳል። ለንጂሩ የተጫነ ከብት በዚህ በኩል ቢመጣ አውተር ሪንግን ሳይነካ ይገባል። በሩዊሩ ጫፍ ላይ ያለው ካማኪስ በጥብስ ሥጋ ቤቶቹ ስሙ የወጣ ቦታ ነው፤ ባይፓሱ ራሱ ፍየል የሚበላበት ገበያ ፈጥሯል። ለኪያማይኮ ጭነት ግን ባይፓሱ መተኪያ አይሆንም። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በአውተር ሪንግ ወይም በጁጃ ሮድ መግባት አይቀርም።

ወንዙና የነገው ጥያቄ

ኪያማይኮ ከመንገዱ በአንድ ወገን፣ ከወንዙ በሌላ ወገን ታጥሯል። የማረጃ ቤት ደምና ፈርስ በአግባቡ ካልተወገደ የሚሄድበት ቦታ ያው ወንዙ ነው። ዳጎሬቲም ይህን ፈተና አይቶታል፤ እዚያ ካሉት ቄራዎች አንዱ ቆሻሻውን ወደ ባዮጋዝ የሚለውጥ ተቋም ተሠርቶለታል። በሚያዝያና ግንቦት 2024 ናይሮቢ በጎርፍ ስትመታ የማታሬ ሸለቆ ክፉኛ ተጎድቷል። መንግሥት ከወንዝ ዳር 30 ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶች እንዲነሡ አዝዞ ብዙ ቤት ፈርሷል።

የፍየል ንግዱ እንግዲህ በሁለት የተከለሉ መስመሮች መካከል ቆሟል። በመንገዱ በኩል የመንገድ ይዞታ አለ፤ በወንዙ በኩል የወንዝ ዳር ክልል አለ። በመሀል የቀረው መሬት ደግሞ በቤት የተሞላ ነው። ማራገፊያ ለማስፋት፣ የእንስሳት ማሳረፊያ ለመሥራት፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ለመትከል የሚሆን ቦታ ጥቂት ነው። ንግዱ ወደ ከተማ ዳር ይውጣ ቢባል ሰፊ ቦታ ይገኛል። ግን አራጁ፣ ደላላው፣ ሆድ ዕቃ ሻጩና ገዢው አብረው የሚኖሩበት ሠፈር አብሮ አይነሣም። ገበያ የሚሠራው በግንብ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሱ በሚተማመን ሰው ነው፤ ኪያማይኮን እስካሁን ያቆየውም ይኸው ነው።

ለሚጭን ነጋዴ

መንገዱ በቶሎ አይለወጥም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ማሰብ የሚጠቅመው እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ የመነሻ ሰዓት የሚቆጠረው ከመድረሻው ወደ ኋላ ነው። መኪናው አልሶፕስ ላይ ሰው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት እንዲደርስ ከኢሲዮሎ መቼ መነሣት እንዳለበት ከሹፌሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ኢሲዮሎ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያረፈ ጭነት ናይሮቢ በጠዋት ሰልፍ ከቆመ ጭነት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሹፌሩ የኪያማይኮን መግቢያ ማወቅ አለበት። በትክክለኛው መገናኛ ሳይዞር ያለፈ መኪና እንደገና ለመመለስ ብዙ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሹፌር ካለ ተቀባዩ ሰው ጁጃ ሮድ መገናኛ ላይ ወጥቶ እንዲጠብቀው ማድረግ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የመኪናው መጠን ከሠፈሩ ጋር ይመዛዘን። በአንድ ትልቅ መኪና መጫን በኪራይ ይረክሳል፤ ወደ ውስጥ መግባት ካልቻለ ግን ዳር ቆሞ ሲያራግፍ ያተረፈውን ይመልሳል።

አራተኛ፣ ሰነዱ ከላይ ይሁን። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀቱና የመንቀሳቀሻ ፈቃዱ በየኬላው እንደሚታየው ሁሉ ከተማ ውስጥም ሊጠየቅ ይችላል። በሰልፍ መሀል ወረቀት የሚፈልግ ሹፌር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል።

አምስተኛ፣ ዋጋ ሲስማሙ የመዘግየቱ ጉዳት የማን እንደሆነ ይለይ። ብዙ ጠብ የሚነሣው ፍየሉ ሞቶ ከተገኘ በኋላ ነው። ጭነቱ አልሶፕስ ሲደርስ ነው ወይስ ኪያማይኮ በር ላይ ሲወርድ የገዢው የሚሆነው? በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በመጥፎ ጠዋት ግን የአራት ፍየል ሥጋ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።